ማን ነገራቸው ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው

ግራንሶ፣ ኦክቶበር 11

ለእህቴ ልጅ ለአርቪድ፤

ሰላምታዬ ከዚህ ከሰሜን በረዶ ተነስቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ፣ እስትራስቡር ድረስ በጤና ይድረስህ። እንዴት ከርመሃል? ትበላለህ ግን? በጋ ላይ የላክኸውን ፎቶግራፍ ሳየው አንገትህ ሸሚዝህ ውስጥ ይዋኛል። «ይሄ ልጅ የሰው አፍ ላስከፍት ሲል የራሱን ረሳው» አልኩ። እኔ ክብሩ ይስፋና ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይኮራብኛል። እናትህም ደህና ናት። ትናንት የድንች ቂጣ በቅቤ ሰጥቻት ሁለቱን ጥርግ አድርጋ በላች። አንዳንዴ እኔን በእናታችን ስም ትጠራኛለች፤ እኔም ልጄ እላታለሁ፣ እንስቃለን።

በወረቀት የምጽፍልህ ስልኬ የማዘጋጃ ቤቱ ስለሆነ ነው። ኮምፒዩተሩም የእነሱ ነው። ድሮ እንዲህ አልጠነቀቅም ነበር፤ አሁን ግን ጥላዬም ያስደነግጠኛል።

ጉዱን ልንገርህ። ባለፈው ሳምንት የአካባቢያችን ጋዜጣ በፊት ገጹ፣ እኔ ወጥ የምሠራበት፣ እናትህ የምትኖርበት የአረጋውያን ቤት ሌሊት ሌሊት የሰዎቹን ክፍል ከውጭ እንደሚቆልፍ አወጣ። ለሁለት ፎቅ አንዲት ተረኛ ብቻ ስላለች፣ አንዱ ተነስቶ ቢወድቅ የሚያየው የለም፤ ስለዚህ ይቆለፍባቸዋል። የተጻፈው እውነት ነው፤ አንዲት ቃል አልተጨመረበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ሁሉ በሹክሹክታ ታመመ። ስቴላንን ታውቀዋለህ፤ አብሮህ የተማረው፣ በልጅነቱ በረዶው ተሰብሮበት ሐይቅ ውስጥ ሲገባ አባትህ ጎትቶ ያወጣው። አሁን የማዘጋጃ ቤቱ የአረጋውያን ክፍል ኃላፊ እሱ ነው። ፊቱ እንደ ጎምዛዛ ወተት ሆኗል።

እናትህን ሌሊት የምታያት ዶይና የምትባል የሞልዶቫ ልጅ ናት። ምስኪን ናት፣ ሥራ አትመርጥም፤ የመኖሪያ ፈቃዷ በዚሁ ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ቆልፊ ብለው ቁልፉን የሰጧት አለቆቹ ናቸው፤ አሁን ግን የሰዉ ዓይን እሷ ላይ ነው።

ልጠይቅህ የፈለግሁት ሌላ ነው። አንዲት የማውቃት ሴት አለች። ለጋዜጣው የተናገረችው እሷ ናት እንበል። ቢደርሱባት ምን ያደርጓታል? ሥራዋን ይነጥቋታል? አንተ መቼም ጋዜጠኛና ለጋዜጣ የሚናገር ሰው እንዳይቀጣ በመሟገት እንጀራህን የምትበላ ሰው ነህና፣ ቶሎ ብለህ ጻፍልኝ። ለእሷ ነው፣ ለእኔ አይደለም።

አክስትህ ሲግብሪት

---

እስትራስቡር፣ ኦክቶበር 18

ለእናቴ እህት፣ ለሁለተኛዋ እናቴ ለሲግብሪት፤

ጤና፣ ዕድሜና ጥሩ ጉልበት ይስጥሽ። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ፖስታው የቀረፋ ዳቦ ሸተተኝ፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብለሽ እንደጻፍሽው አልጠፋኝም። እየበላሁ ነው፣ አትስጊ።

ለዚያች ለምታውቂያት ሴት እንዲህ በያት፦ «እንቅልፍሽን ተኚ።» በእኛ አገር የመንግሥት ሠራተኛ ለጋዜጣ መናገር መብቱ ነው። ጋዜጣው ስሟን ቢያወጣ ይቀጣል። ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ ማን እንደተናገረ ለማወቅ መሞከር አይችልም። ልብ በይ፤ መቅጣት ብቻ ሳይሆን መጠየቁ ራሱ ወንጀል ነው። ስቴላን የረፋዱን ቡና እየጠጣ፣ ዳቦ እየቆረሰ፣ ለቀልድ እንኳ «ለመሆኑ ማን ነገራቸው?» ቢል ፍርድ ቤት ሊቆም ይችላል። ይሄንን ሕግ እዚህ ለሌሎች አገር ሰዎች ስነግራቸው ቅዠት የማወራ ይመስላቸዋል።

ምን ያድርጉ! ቢሮዬ የሚመጡትን ብታያቸው ታዝኚላቸው ነበር። በቀደም አንድ የትንሽ ከተማ ጋዜጣ አዘጋጅ መጥቶ ነበር፤ አንድ ሀብታም ክስ በክስ ላይ እየደራረበበት፣ እሱ ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ ችሎት ሲውል ይኸው ጸጉሩ አለቀ። አንዷ ደግሞ ስልኳ ውስጥ ሰላይ ተክለውባት፣ የልጇን ልደት ስታሰናዳ፣ ከባሏ ስትጣላ፣ ሁሉን ሲያዳምጡ ከርመዋል። «ከሁሉ የቆጨኝ» ያለችኝ፣ «ለእህቴ ያለቀስኩት ነው፤ እሱ የእኔና የእሷ ነበር።» በየአገሩ የምንሟገተው ሰው የሚያውቀውን ሳይፈራ እንዲናገር ነው። እናንተ ዘንድ ይሄ አለላችሁ፤ ተጠቀሙበት።

ያቺ ሴት ማን እንደሆነች አልጠይቅሽም። የሙያዬ የመጀመሪያ ትእዛዝ እሱ ነው።

በወሩ መጨረሻ ከሃያ አገር ለመጡ ልዑካን ንግግር አደርጋለሁ፤ ጸልዪልኝ። እናቴን ሳሚልኝ። ለገና እመጣለሁ ብዬ ነበር፤ ካልሆነ ለፋሲካ።

አርቪድ

---

ግራንሶ፣ ኦክቶበር 25

ለአርቪድ፣ ጤናና ማስተዋል ለሚያስፈልግህ ለእህቴ ልጅ፤

ያቺ የማውቃት ሴት እኔ ነኝ። አውቀህ ዝም እንዳልክ ገብቶኛል፤ እኔም አውቀህ ዝም እንዳልክ አውቄ ዝም ልል ነበር፤ ግን ሆዴ አልችል አለ።

እንዲህ ነው የሆነው። አንድ ማለዳ ገንፎ ልጥድ ስገባ፣ ከወጥ ቤቱ በላይ ካለው ኮሪደር አንድ በር ከውስጥ ሲመታ ሰማሁ። ኃይለኛ አይደለም፤ ሲደክመው ያርፍና እንደገና ይጀምራል። ወጥቼ ሳይ በሩ ተቆልፏል። ዶይና ታችኛው ፎቅ የወደቀ ሰው ታነሳለች። ቁልፉን ከእሷ ተቀብዬ ስከፍት አንዲት አሮጊት ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች፤ የሌሊት ልብሷ እርጥብ ነው፣ የእጇ መገጣጠሚያ ተልጧል። ማንነቷን ተወው። አጥቤ፣ አልብሼ፣ ገንፎ በቀይ ፍሬ አበላኋት። እሷ ረሳችው፤ እኔ ግን አልረሳሁም። ለስቴላን ነገርኩት። «እናየዋለን» አለ። ደግሜ ነገርኩት። «ሲግብሪት፣ አንቺ ገንፎሽን አማስዪ» አለኝ። እንግዲህ ገንፎዬን አማስዬ ስጨርስ ቱቫ የምትባለውን የጋዜጣ ልጅ ጠራኋት።

ሕጉ ጥሩ ነው፤ አልጠየቀንም። ግን አለመጠየቅ እንዴት እንደሚያስፈራ አንተ ታውቃለህ? ድሮ ለቡና ከማይመጣበት ቢሮው አሁን በየረፋዱ ይመጣል። ዳቦውን ይቆርሳል፣ ያኝካል፣ እያንዳንዳችንን ያያል፣ ስለ አየሩ ያወራል። ትናንት እኔ ላይ ሲደርስ ወተቱን ጠረጴዛው ላይ ገለበጥኩት። «ድካም ነው» አልኩ። እንቅልፍ በዓይኔ ከዞረ ሰነበተ። ጡረታዬ ቅርብ ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ ከተማው ፊቱን ቢያዞርብኝ የት እሄዳለሁ? እናትህንስ ማን ያይልኛል?

ደብዳቤውን አንብበህ አቃጥለው። ለማንም ትንፍሽ እንዳትል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አክስትህ

---

እስትራስቡር፣ ኖቬምበር 12

ለጀግናዋ አክስቴ፤

ሰላምና እረፍት ለቤትሽ ይሁን። የዘገየሁት በንግግሩ ጥድፊያ ነው፤ ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አነበብኩት፣ ሦስቴም ኮራሁ። ከዚያም እንዳዘዝሽኝ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።

ንግግሩ እንዴት ሰመረ መሰለሽ! አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የዚያን አዘጋጅና የዚያችን ስልኳ የተሰለለባትን ሴት ነገር ተናግሬ ሳበቃ፣ «ነጻ ነን በምንለውም አገር ቢሆን ለመናገር ልብ ይጠይቃል» ብዬ የአንቺን ታሪክ አነሳሁ። አትደንግጪ! ስም የለ፣ ከተማ የለ። እኔ በዚህ ነገር የበሰልኩ ሰው አይደለሁ? አንቺን የሚያመለክተውን ሁሉ ለዋውጬዋለሁ። ወጥ ሠሪ አላልኩም፣ አዛውንት አላልኩም። በሰሜን ያለ አንድ የአረጋውያን ቤት አልኩና፣ ሴትዮዋን ወጣት አደረግኋት፤ ከሩቅ አገር የመጣች፣ የሌሊት ተረኛ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ እንዳይሰረዝ እየፈራች እውነቱን የተናገረች። በዚህም ላይ ታሪኩ አማረበት። ሰው ቆሞ አጨበጨበ። አንዲት የፊንላንድ ሴት ዓይኗን ስትጠርግ አይቻለሁ።

ማኅበራችን እንደ ልማዱ ንግግሩን በዚያው ቀን ድረ ገጹ ላይ አውጥቶታል፤ እኛ ጋ የሚደበቅ ነገር የለም። እናቴ እንዴት ናት? ደውዬ ነበር፤ ተኝታለች አሉኝ።

አርቪድ

---

ግራንሶ፣ ኖቬምበር 19

አርቪድ፤

ሰላምታውን ዛሬ ዝለለው። የምጽፈው በፍርሃት አይደለም፣ በንዴት ነው።

የቤተ መጻሕፍታችን ሴትዮ አንተን ስትወድህ ለከት የላትም። ንግግርህን ከድረ ገጹ አውጥታ፣ በትልልቁ አትማ፣ በር ላይ ካለው ሰሌዳ ለጠፈችው። ከላዩ «የግራንሶ ልጅ ለሃያ አገር ተናገረ» ብላ ጽፋበታለች፤ ከንፈርህ የተንጋደደበት ፎቶህም አለበት። ከተማው ሁሉ ሄዶ አነበበ። አንተ ከተማ አልጠቀስኩም ትላለህ! አንተ የግራንሶ ሰው፣ በሰሜን ያለ የአረጋውያን ቤት ስትል የትኛውን ሊመስላቸው ኖሯል? ወጣት፣ ከሩቅ የመጣች፣ የሌሊት ተረኛ፣ ፈቃዷ የሚያስፈራት። አርቪድ፣ እንደዚህ ያለች ሴት በዚህ ከተማ አንዲት ናት። በመጀመሪያ ደብዳቤዬ እኔ ራሴ ጻፍኩልህኮ! እኔን ልትሸፍን ብለህ ልብሱን ገፈህ የወሰድከው ከዶይና ላይ ነው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው።

አሁን ያለውን ስማ። ረፋድ ላይ ዶይና ከሌሊት ፈረቃዋ ወጥታ ቡና ልትጠጣ ስትቀመጥ፣ አጠገቧ ያሉት ሁለቱ ሴቶች ሲኒያቸውን ይዘው ተነሱ። አንዷ፣ «ራሷ ቆልፋ ራሷ ታሳጣናለች» አለች፣ እንድትሰማት አድርጋ። ዶይና ነገሩ ስላልገባት ዳቦዋን ይዛ ቀረች። ከሰዓት በኋላ ስቴላን ቢሮው ጠርቶ በዲሴምበር መጨረሻ ኮንትራቷ ሲያልቅ እንደማይታደስ ነገራት። ስለ ጋዜጣው ቃል አልወጣውም፤ እሱ ሞኝ አይደለም። «በጀት የለም» አላት። ኮንትራቱ ካለቀ ፈቃዷ አብሮ ያልቃል። እኔ ደግሞ ሁሉን እያወቅሁ እንደማላውቅ ሆኜ «አይዞሽ» አልኳት። አይዞሽ ያለው አፌ ይቆረጥ።

አስተካክለው። አንተ ያበላሸኸውን አንተ አስተካክለው።

ሲግብሪት

---

ግራንሶ፣ ኖቬምበር 28

አርቪድ፤

እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር ነበር፣ የሰጠኸኝ ነገር ግን የለም። ፖስተኛው በየቀኑ ሲያልፍ መስኮት ላይ ነኝ። የማስታወቂያ ወረቀት ይጥልልኛል፤ የአንተ የለም። ታመህ ነው? ወይስ ፈርተህ? ብትፈራም ጻፍ፤ እኔም እየፈራሁ ነው የምጽፈው።

ዶይና ሻንጣ ስትጠይቅ ሰማኋት።

ሲግብሪት

---

እስትራስቡር፣ ዲሴምበር 1

ለአክስቴ፤

ሰላም ልበልሽ እንጂ ሌላ ምን አፍ አለኝ? አልታመምኩም። ፈርቼ ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ዕለት ንግግሩን ከድረ ገጹ አስወርጄዋለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን እኔ ልነቅለው አልችልም። ከዚያ የእርምት ጽሑፍ ላወጣ ተቀመጥኩ። «ያቺ ሴት የሌሊት ተረኛ አይደለችም» ብዬ ጻፍኩ። አነበብኩትና ቀደድኩት። ተረኛዋ ካልሆነች፣ አርቪድ በዚያ ቤት የሚያውቀው ሌላ ማን አለ? ማንም ሕፃን «አክስቱ!» ይላል። ልጅቷን ባወጣ አንቺን ልከት ነው። አንቺን ልሸፍን ዝም ብል ልጅቷ ትሄዳለች። የማኅበራችንን ዳይሬክተር ጠየቅኋት። «ስለ ወሬ ምንጭ አዎም አይደለምም አይባልም፤ አንዴ 'እሷ አይደለችም' ካልን በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ስንል 'እሷ ናት' ማለት ይሆናል» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ይሄንኑ ለሰዎች ሁሉ የማስተምረው እኔ ነኝ። የራሴ ትምህርት አንገቴ ላይ ገመድ ሆነ።

ስሟን ረስቼው ነበር፤ እምልልሻለሁ። አነበብኩት፣ ከአእምሮዬ ወጣ፣ ሴትየዋ ግን ውስጤ ቀርታ ኖሮ ለንግግር ስፈልግ ከራሴ የፈጠርኳት መሰለኝ።

በአገራችን አቤቱታ የሚቀበለውን ክፍል አነጋግራለሁ፤ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን መንገድ አለው። ለዶይናም ሌላ ከተማ ሥራ እንፈልግላታለን፤ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። አንቺ ግን እባክሽ፣ በእናቴ ይዤሻለሁ፣ ዝም በይ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ትዪ አልነበር? ጡረታሽን አስቢ። አንቺ ከዚያ ቤት ከወጣሽ እናቴ ማን አላት?

አርቪድ

---

ግራንሶ፣ ዲሴምበር 15

ለአርቪድ፤

ጤና ይስጥህ፤ ቁጭ ብለህ አንብበው።

ሌላ ከተማ ሥራ እንፈልግላታለን ያልከውን ሳነብ ሳቄ መጣ። ሰው ዕቃ ነው እንዴ ከመደርደሪያ መደርደሪያ የሚዛወር? ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ፤ ምክንያቱም እኔም ደብዳቤህ ከመምጣቱ በፊት ያንኑ አስቤ ነበር። ስሜ ይቅር፣ ልጅቷ ትሂድ፣ ወጣት ናት ትችለዋለች ብዬ። ሌሊቱን ሙሉ ይሄንን ሳላምጥ አድሬ ጠዋት ራሴን በመስተዋት ማየት አቃተኝ።

ከትናንት በስቲያ የሉሲያ የብርሃን በዓል ነበር። የትምህርት ቤት ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ሻማ ይዘው፣ ለአረጋውያኑ ዘምረው ሄዱ። በሳፍሮን ቅመም ቢጫ የሆነውን የበዓሉን ዳቦ እኔ ጋግሬ ሁላችንም ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጥን፤ ስቴላንም ዘንድሮ ቀይ ክራቫት አስሮ መጥቷል። ዶይና ጥግ ላይ ብቻዋን ናት። ዳቦ አዞርኩ፣ ቡና ቀዳሁ። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጥኩና፦

«ለጋዜጣው የነገርኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

አንድ ሰው ሲያኝክ ይሰማ ነበር። ስቴላን ምን ያደረገ ይመስልሃል? በሁለት እጁ ጆሮውን ያዘ!

«አልጠየቅኩም!» ብሎ ጮኸ። «ሁላችሁም ምስክሮች ናችሁ፤ እኔ አልጠየቅኩም!»

«አዎ አልጠየቅከኝም» አልኩት። «ስሜን የመደበቅ መብቱ የእኔ ነው፤ መተዉም የእኔ ነው። ሁለቴ ነገርኩህ፣ ገንፎሽን አማስዪ አልከኝ። አሁን ጆሮህን ልቀቅ፤ ቡናህ ይቀዘቅዛል።»

ያቺ ሲኒዋን ይዛ የተነሳችው ሴት በግራ እጇ አፏን ሸፈነች። የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ እዚያው ነበረ፤ ተነስቶ ስቴላንን «የዶይናን ኮንትራት ጉዳይ ዛሬውኑ እንነጋገርበታለን» አለው። በማግስቱ የጠፋው በጀት ተገኘ። ኮንትራቷ ታድሷል። ከጋዜጣው ወዲህም በሮቹ አይቆለፉም፤ ሌሊት ሁለት ተረኛ ተመድቧል።

እኔን አልቀጡኝም፤ መቅጣት አይችሉም። ከፀደይ ጀምሮ ግን ምግቡ ከጎረቤት ከተማ በመኪና ተጭኖ እንደሚመጣና ወጥ ቤቱ እንደሚዘጋ ተነገረን። «ቀድሞ የታሰበ ነው» አሉ። ምናልባትም ነው። ማን ያውቃል? እንጀራዬ በዚህ ሄደ። ገበያ ስወጣ ሰላም የሚለኝም አለ፣ ጫማውን የሚያይም አለ።

ዶይና አመሰገነችኝ ብለህ ትጠብቅ ይሆናል። እኔም ጠብቄ ነበር። ወጥ ቤት ድረስ መጣች፤ ፊቷ በንዴት ቀልቷል።

«ያን ሁሉ ጊዜ እያወቅሽ ዳቦ ታቀርቢልኝ ነበር» አለችኝ። «አይዞሽ ትዪኝ ነበር።»

«አዎ» አልኩ።

«የእህትሽ ልጅስ? የእኔን ሕይወት ከየት አግኝቶ ነው ቆሞ የሚያስጨበጭብበት?»

ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይፈልጋል አልኳት። ያለችውን እንዳለ ልጻፍልህ፦ «ይቅርታ በስልክ ቀላል ነው። እዚያው መድረክ ላይ፣ እነዚያው ሰዎች ፊት፣ ያጨበጨቡላት ልጅ እንደሌለች ይናገር። እኔ ቆላፊዋ ነበርኩ። ፈርቼ ቆለፍኩ። ይሄንንም ይናገር።»

አሁን የቀረውን ልንገርህ። እስከ ዛሬ የደበቅሁህ እንዳትሰበር ብዬ ነው፤ ግን መደባበቁ የት እንዳደረሰን አየን። ያን ማለዳ በሩን የምትመታው አሮጊት እናትህ ናት።

ሲግብሪት

---

እስትራስቡር፣ ጃኑዋሪ 30

ለአክስቴ ለሲግብሪት፤

ዕድሜሽን ያርዝመው። ይሄን ያህል የዘገየሁት ስለ እናቴ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ብዕር መያዝ ስላቃተኝ ነው። በየአገሩ ስለ ተዘጋ አፍ ስጮህ፣ እናቴ የተዘጋ በር ስትመታ አላወቅሁም። ብዙ ጊዜ ስደውል ተኝታለች ይሉኝ ነበር፤ እኔም ደስ ይለኝ ነበር፣ ቶሎ ወደ ሥራዬ ልመለስ።

ልዑካኑ ትናንት እንደገና ተሰበሰቡ። ዳይሬክተሯ ይሄንን እንዳላነሳ ለመነችኝ። «ማኅበሩን ታዋርደዋለህ፤ ከዚህ በኋላ ምስጢር ያለው ሰው በራችንን አይረግጥም» አለች። ላንቺ እውነቱን ልንገርሽ፤ ከመድረኩ በስተጀርባ ቆሜ ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር።

ወጣሁና ተናገርኩ። ባለፈው ያጨበጨባችሁላት ወጣት የለችም አልኩ። ከደብዳቤ ውስጥ ያገኘሁትን የአንዲት ሴት ፍርሃት ወስጄ ለሌላ ሰው ታሪክ ልብስ አደረግሁት፤ በዚያም እውነተኛዋን ሴት ለአለቆቿ አጋለጥኳት አልኩ። እሷ ቁልፍ ተሰጥቷት፣ ፈቃዷን ፈርታ የቆለፈች ናት፤ ፍርሃቷ ግን የእሷ ነበር፣ የእኔ አልነበረም አልኩ። ስሟን ጠርቼ እንደሆነ ትጠይቂኝ ይሆናል። አልጠራሁም፤ ያንን ሳላስፈቅዳት አይገባኝም። ማንም አላጨበጨበም። ያቺ የፊንላንድ ሴት ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ዳይሬክተሯ ከእንግዲህ በማኅበሩ ስም እንደማልናገር ማታውኑ ጻፈችልኝ። እውነቷን ነው።

ከመድረኩ ወርጄ ለዶይና ደወልኩላት። ፈረቃ ልትገባ ስትል ነው ያገኘኋት። ያልኩትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

«ጨረስክ?» አለችኝ።

ጨርሻለሁ አልኳት። ይቅርታዬን ልጀምር ስል አስቆመችኝ።

«እሱን ተወው» አለች። «ና እና እናትህን እያት። ሌሊት ትነቃና አርቪድ፣ አርቪድ እያለች ትጣራለች። ጆሮዋ ስለደከመ ድምፅ አትለይም። በሩ ተቆልፎ ሳለ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ አሁን ደግሞ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጬ፣ 'አቤት' የምላት እኔ ነኝ።»

ነገ ማለዳ ባቡር እሳፈራለሁ።

አርቪድ